ዶማ የሚገባበት ድንጋይ፦ አለት ነው አፈር?

የቦሳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ከጅሬን በታች ተዳፋት ላይ ለእናቴ ሁለት ክፍል ቤት እየሠራሁላት ነው። መጀመሪያ የውሃ ጉድጓዱ ይቅደም ብዬ አስጀመርኩ። ከቆፋሪዎቹ ጋር የተዋዋልነው በሜትር ነው። አፈር አንድ ዋጋ፣ አለት ሌላ ዋጋ። የአለቱ ከአፈሩ እጥፍ ያልፋል።

እስከ አራት ሜትር ድረስ ያው የምናውቀው ቀይ አፈር ነበር። ከዚያ በታች ነገሩ ተቀየረ። ቢጫ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሐምራዊ ቢጤ፣ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ያለው። ሲያዩት ድንጋይ ነው። ስንጥቁ ሁሉ የድንጋይ ነው። በጣት ሲጫኑት ግን ፍርፍር ይላል። ቆፋሪዎቹ «እህታችን፣ አለት ደርሰናል፣ ከዚህ በኋላ በአለት ዋጋ ነው» አሉኝ። ትናንት ደግሞ በአንዱ ጎን እውነተኛ ድንጋይ ገጠማቸው። ድጅኖ ሲያርፍበት እሳት ይተፋል። «አላልንሽም?» አሉኝ።

ጎረቤቴ «ቤቱንም እዚሁ ቢጫው ላይ አሳርፊው፣ ከዚህ የተሻለ አለት የት ታገኛለሽ» ይላል። አጎቴ ደግሞ «ይሄ የበሰበሰ ነው፣ ቤት አይሸከምም» ባይ ነው። ማንን ልስማ? አለት ነው አፈር? ውሃስ ይወጣዋል?

ሲቪሉ

እህት፣ ሳያዩ እንዲህ ነው ብሎ መፍረድ ከባድ ነው። የውሃ ጉድጓዱ የሚያሳይሽ የራሱን ቦታ ብቻ ነው። ቤቱ የሚያርፍበት ላይ በየማዕዘኑ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሪ፣ ከዚያ ባለሙያ ጠርተሽ አሳዪ። ደግነቱ ጥቁር አፈር አይደለም። ቦዬ በኩል ሜዳው ላይ ቢሆን ኖሮ ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጣጠቅ ኮቲቻ አውጥተሽ በገረጋንቲ መሙላት ነበረብሽ። ቀይ አፈር እንደዚያ አያስቸግርም።

አባ ድጅኖ

ልጄ፣ ሲቪሉ ያለው ልክ ነው፣ ማዕዘኖቹን አስቆፍሪ። የቀረውን እኔ ልንገርሽ። ዕድሜዬ ያለቀው መንገድ ሥራ ላይ፣ ፎርማን ሆኜ ኮረብታ ሳስቆርጥ ነው። አሁን ጡረተኛ ነኝ። ሰው ጉድጓድ ሲያስቆፍር አፋፉ ላይ ቆሜ ሳልጠየቅ አስተያየት እሰጣለሁ።

መጀመሪያ ክርክሩን እንፍታው። ቢጫው ነገር ድሮ አለት ነበር፣ አፈር ለመሆን ደግሞ ገና ይቀረዋል። ቆፋሪዎቹ መልኩን አይተው አለት አሉት። አጎትሽ በጣቱ ነክቶ በሰበሰ አለ። ሁለቱም የነገሩሽ ያዩትን ነው። ቀዩም ሆነ ቢጫው ከሌላ ቦታ መጥቶ የተከመረ እንዳይመስልሽ። እዚያው የነበረው ድንጋይ ነው በቆመበት የበሰበሰው። ስንጥቁ እንዳለ የምታዪው ለዚያ ነው። ቅርጹን እንደያዘ ጥንካሬው ብቻ ሄዷል።

መንገድ ሥራ ላይ አብሮን የነበረ ጂኦሎጂስት ነበር። ናሙናውን እሸከምለታለሁ፣ እሱ ደግሞ እየለፈለፈ ያስተምረኛል። የጅማ ኮረብቶች እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይ ናቸው። ብዙው ባዛልት ነው፤ ነጣ ያለ ራዮላይትና ትራካይትም አለበት። ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። በዚህ ላይ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድበታል። ዝናቡ ከአየር ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይመጣል። መሬት ሲገባ ከሥርና ከብስባሽ የሚወጣው ይጨመርበትና ቀላል አሲድ ይሆናል። ቢጠጡት እንኳን አይታወቅም። ጊዜ ግን አለው። በስንጥቁ እየሰረገ ድንጋዩን ይበላዋል። ካልሲየሙ፣ ሶዲየሙ፣ ማግኒዚየሙ ሟሙቶ በአዌቱ አድርጎ ጊቤ ይገባል። ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ነጭ ሸክላ ሆኖ እዚያው ይቀራል፤ ያየሻቸው ነጠብጣቦች እሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ብረቱ ይዝጋል። ቢጫውም ቀዩም ዝገት ነው። ባዛልት ውስጥ ኳርትዝ የለም ማለት ይቻላል፣ አሸዋ የሚሆነው ደግሞ በብዛት ኳርትዝ ነው። ስለዚህ ድንጋያችን እስከ መጨረሻው ሲበሰብስ የሚተርፈው ሸክላ ነው። ጅማ ላይ ቤት የሠራ ሰው አሸዋ ከሩቅ እያስጫነ የሚቃጠለው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ታች ስትወርጂ የሚጠብቅሽን ልንገርሽ። ከላይ ሥር የበዛበት ጠቆር ያለ አፈር። ከዚያ ወፍራሙ ቀይ ሸክላ፤ ጓሉን ስትሰብሪው ፊቱ ያብለጨልጫል። ከዚያ ያንቺ ቢጫ። ከዚያ ውስጡ ድቡልቡል ድንጋይ የተቀበረበት ቢጫ። ከዚያ የተሰነጣጠቀ አለት፣ በመጨረሻ ጤነኛው አለት። ቢጫው ሁለት ሜትር ሊሆን ይችላል፣ ሃያም ሊሆን ይችላል። ወለሉም ጠፍጣፋ አይደለም። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለሽ ብትቆፍሪ ሌላ ጥልቀት ታገኛለሽ።

እሳት የተፋው ድንጋይ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። ላቫ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቅና በየብሎኩ ይከፋፈላል። ውሃ በስንጥቁ ዙሪያውን ይከበዋል። የብሎኩን ማዕዘን ከሦስት ወገን ያጠቃዋል፣ ጠርዙን ከሁለት፣ ገጹን ከአንድ። ማዕዘኑ ቀድሞ ይሄዳል። ስለዚህ አራት ማዕዘን የነበረው እየተድበለበለ፣ እንደ ሽንኩርት በቅርፊት በቅርፊት እየተላጠ ይሄዳል። መሐሉ ላይ ግን ያልተነካ እምብርት ይቀራል። እሱን ስትመቺው ደወል ነው። ኮረብታ የተቆረጠበት መንገድ ዳር ቆመሽ ብታዪ ቢጫው ግድግዳ ውስጥ እነዚህ ድቡልቡሎች ተሰክተው ታገኛለሽ። ከሥራቸው እንደገና ቢጫ አለ። ያንቺም ከእነሱ አንዱ ይመስለኛል፤ በአንድ ጎን ብቻ መውጣቱ ነው ያጠራጠረኝ።

የሚታወቀው እንዲህ ነው። ድንጋዩን አይምቱት፣ ዙሪያውን ይቆፍሩ። ጎኑ እየተጠቀለለ ወደ ውስጥ ከገባና ድጅኖው ከጎኑ ወደ ታች ካለፈ፣ የተቀበረ ድንጋይ ነው። ጤነኛው አለት የጉድጓዱን ወለል በሙሉ ይይዛል። ስንጥቅ ቢኖረው እንኳን ግራና ቀኙ ተናቦ የተገጣጠመ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ሦስተኛ ዋጋ አብጁ። በመልኩ አትከራከሩ፣ በመሣሪያው ተስማሙ። ዶማ ከገባበት የአፈር ዋጋ። ድጅኖ ብቻ የሚፈነቅለው ከሆነ መካከለኛ። መዶሻና ፑንታ ከጠየቀ የአለት። ድቡልቡሉ ድንጋይ ሲመጣ ደግሞ ለብቻው በቁጥር ክፈያቸው። አታጭበርብሪያቸው፣ አያጭበረብሩሽም።

ቤቱ ላይ እመለሳለሁ፣ አሁን የልጅ ልጄ ስልኩን ፈለገችው።

ቆፋሪ ነኝ

የእሷ ቆፋሪ አይደለሁም፣ እኔ አጋሮ በኩል ነው የምሠራው። አባ ድጅኖ ጥሩ ተናገሩ፤ ግን አፋፍ ላይ ቆሞ ማየትና ታች ሆኖ መቆፈር ይለያያል። ቢጫውን ዶማ ይቆርጠዋል፣ እውነት ነው። ፍርሃቱ ግን ቢጫው ላይ ነው። ቀዩ አፈር ግድግዳው ይቆማል። ቢጫው የድሮው ስንጥቅ ስላለበት አንድ ጓል ብቻውን ሳይታሰብ ይወርዳል። ጭንቅላትህ ላይ ነው የሚወርደው። ከታች ጠባብ ነው፣ የት ትሸሻለህ? ድንጋዩም ከግድግዳ ሲነቀል እንዲሁ ነው። ዋጋ የምንጨምረው ለጉልበቱ ብቻ አይደለም።

አባ ድጅኖ

ወንድሜ ቆፋሪ፣ ይሄን ማለትህ ጥሩ ነው። የቦሳ ልጅ፣ ስሚው። ቢጫው ስንጥቅ ፊት ላይ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ ቅባት የመሰለ ነገር ካየሽ ማንጋኒዝ ነው። ውሃ በዚያ መስመር ሲመላለስ የለጠፈው ነው። መሬቱ ሲርስ የሚንሸራተተውም በዚያው መስመር ነው። ስለዚህ መካከለኛውን ዋጋ ከፍ አድርጊው። ቆፋሪው ገመድ ይታጠቅ፣ ላይ ሰው ሳይኖር እንዳይወርድ። የቆፈሩት አፈር አፋፉ ላይ አይከመር። ጠዋት ከመውረዳቸው በፊት ሻማ ያውርዱ፤ ከጠፋ ማንም አይወርድም። ውሃ ሲመጣ ደግሞ በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሳት የለም። ጭሱ ይገድላል፣ ሻማውም ስለዚህኛው ጋዝ አይነግርሽም።

ውሃ ይወጣዋል ወይ ላልሽው፣ ቢጫውን የሚጠሉት ሰዎች የማያውቁት ነገር አለ። ውሃውን የሚያጠራቅመው እሱ ነው። ጤነኛው አለት ስንጥቅ ከሌለው ደረቅ ነው። ቀዩ ሸክላ ውሃ ይይዛል፣ ለጉድጓድ ግን ቶሎ አይለቅም። ጥሩው ቦታ የቢጫው ታችኛው ክፍልና የተሰነጣጠቀው አለት የሚገናኙበት ነው። ውሃው እዚያ ይንሸራሸራል። ግድግዳው ሲያልብ ካየሽ ቀርበሻል። ጥር ላይ መጀመርሽ ጥሩ ነው፤ የውሃው ወለል ዝቅ ሲል ነው መቆፈር ያለበት። ሐምሌ ላይ ውሃ አገኘሁ ብሎ ያቆመ ሰው የካቲት ላይ ባልዲው አቧራ ይዞ ይወጣል።

ማና ቡና

አንድ ነገር ጣልቃ ልግባ። የላዩን ጠቆር ያለ አፈር የት ጣላችሁት? እባክሽ ለብቻው ክመሪው። ሰው ቤት ሲሠራ ሁሉንም ይደባልቅና ቢጫው ከላይ ይሆናል፤ ከዚያ ጎመን አልበቅል አለኝ ይላል። ቢጫው ውስጥ ምግብ የለም። የኛ ቡና ማና ላይ የሚመቸው ቀዩ አፈር ጥልቅ ስለሆነ ነው። ሥሩ ወደ ታች ይሄዳል፣ በጋውን ከዚያ እየጠጣ ያልፋል። ችግሩ አሲዳማነቱ ነው። ብረቱና አሉሚኒየሙ ፎስፈረሱን አንቆ ይይዝብናል፣ ማዳበሪያ ጨምረህም ተክሉ ላያገኘው ይችላል። ኖራ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ድንጋይ ለዘመናት ታጥቦ ታጥቦ የተረፈው አፈር እኮ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ።

የቦሳ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አባ ድጅኖ፣ እንዳሉት ዙሪያውን አስቆፈርኩት። ተጠቀለለ! ከሥሩ ቢጫው ቀጠለ። ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ሳቁ። ሦስተኛ ዋጋ ተስማማን፤ ስለ ጓሉ የተባለውንም አንብቤላቸው «ልክ ነው» ብለዋል፣ ስለዚህ ትንሽ ጨመርኩ። የላዩን አፈር እናቴ ቀድማ ለጎመኗ ሰብስባዋለች።

አሁን የቤቱ ጉዳይ። የማዕዘኖቹን ሙከራ አስቆፈርኩ። ከላይ በኩል ያሉት ሁለቱ፣ አንድ ሜትር ተኩል ሳይደርሱ ጠንካራ ቀይ፣ አንዱ ላይ ድቡልቡል ድንጋይ። ከታች በኩል ያሉት ግን ይለያሉ። አፈሩ ልል ነው፣ ትልልቅና ትንንሽ ድንጋይ ተደባልቆበታል፣ ከሰል አለው። የጀበና ስባሪም ወጣ። ይሄስ ምንድን ነው?

አባ ድጅኖ

ጀበና ድንጋይ ውስጥ አይበቅልም፣ ልጄ። እሱ በቆመበት የበሰበሰ አፈር አይደለም፣ ከላይ ተንከባሎና ታጥቦ የመጣ ወይም ሰው የደፋው ሙሌት ነው። በቆመበት የበሰበሰው የአለቱ መስመር አለው፣ ስንጥቁ ከአንድ ጓል ወደሌላው ሲሄድ ታዪዋለሽ። የመጣው ግን ዝብርቅርቁ የወጣ ነው፤ ስባሪ፣ ከሰል፣ የተለያየ ድንጋይ። ለቤት የሚያስፈራው ይሄኛው ነው። ከላዩ መሠረት እንዳታስወጪበት። አልፈሽው ቆፍሪ፣ ከሥሩ ያለው ቀይ ወይ ቢጫ ላይ ድረሺ።

ፎቅ ለሌለው ሁለት ክፍል ቤት ጠንካራው ቀይም፣ በቦታው ያለ ደረቅ ቢጫም ይሸከማል። ቤት የሚሰነጥቀው የተለያየ መሬት ላይ መቆሙ ነው። አንዱ ማዕዘን ድቡልቡሉ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠና ሌላው ሸክላ ላይ ከሆነ፣ ሸክላው ትንሽ ሲሰምጥ ድንጋዩ እምቢ ይላል። ግድግዳው በመሐል ይቀደዳል። ድንጋዩን አስወጪው፣ ካልወጣ አናቱን ዝቅ አስደርገሽ ላዩን አፈር ጠቅጥቀሽ ሙዪበት። ሲቪሉ ያርመኝ።

ቢጫውን ለመፈተን ደግሞ ጓል ውሰጂና ባልዲ ውሃ ውስጥ ክተቺው። እስኪነጋ ቅርጹን ከያዘ ደህና ነው። ወዲያው ከተናደ ውሃ የማያገኘው ቦታ ላይ ካልሆነ በቀር አትመኚው።

ሲቪሉ

አላርምም። አንድ ልጨምር፦ ድንጋዩን አውጥተሽ የቀረውን ጉድጓድ በወጣው አፈር እንዲሁ አትሙዪው። በስስ በስሱ እየጠቀጠቁ በገረጋንቲ ይሞላ። መሠረቱን ዙሪያውን የሚያስር ብረት ያለው የኮንክሪት ቀበቶ ይኑረው። ቤቱን ለማስፋት ብለሽ ከኋላ ያለውን ተዳፋት ቀጥ አድርገሽ እንዳትቆርጪ።

አባ ድጅኖ

የመጨረሻዋን ይስመሩበት። ደረቅ ቢጫ ቀጥ ብሎ ሲቆረጥ በበጋ ግንብ መስሎ ይቆማል። ክረምት ሲገባ ይከብዳል፣ በድሮው ስንጥቅ ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ጎፋ ላይ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ነው ያለቀው፣ ለመርዳት የሮጡት ሳይቀሩ። ያ ተራራ ነው፣ ያንቺ ጓሮ ነው፣ አላወዳድርም። ዝናብ የጠገበ ተዳፋት ግን መጠኑ ቢለያይም ጠባዩ አንድ ነው። ደረጃ ደረጃ አድርገሽ ቁረጪ፣ ከላይ በኩል ውሃውን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ አስቀድሚ። ቦዩ ከድጋፍ ግንቡ ይቀድማል። ሰው ሁሌ ግንቡን ሠርቶ ገንዘብ ሲያልቅበት ቦዩን ይተዋል።

ኪቶ ግቢ

ተማሪ ነኝ፤ ውይይቱ ደስ ስላለኝ ነው። ከጤነኛው አለት በላይ ያለው በሙሉ፣ አፈሩም ቢጫውም ተንከባሎ የመጣውም፣ በአንድ ላይ ሬጎሊት ይባላል። በቆመበት የበሰበሰው ቢጫ ደግሞ ሳፕሮላይት ነው። ጨረቃ ላይም ሬጎሊት አለ። እዚያ ዝናብም ሥርም ስለሌለ የሚፈጨው በሜትዮራይት ምት ነው። ሜዳው ላይ ከአራት እስከ አምስት ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ላይ ከአስር እስከ አስራ አምስት ይደርሳል ይባላል። ሸክላ የለውም፣ ስለታም ብናኝ ነው።

አባ ድጅኖ

ጎበዝ። እዚያስ በሜትር ስንት ነው የሚያስከፍሉት?

የቦሳ ልጅ

😂 ቆፋሪዎቹ እንዳይሰሙ። አባ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሽንት ቤቱን የት ላድርገው? ግቢው ጠባብ ነው። ከላይ ያለው ጎረቤት ሽንት ቤት ደግሞ አጥሩ ሥር ነው።

አባ ድጅኖ

ይሄን መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብሽ። የተለመደው ምክር ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር፣ ከጉድጓዱ ዝቅ ባለ በኩል፣ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃው ወለል ቢያንስ ሜትር ተኩል ከፍ ያለ ነው። ቀዩ ሸክላ ቆሻሻ ውሃን እያጣራ ያዘገየዋል። ቢጫው ግን ስንጥቅ አለው፤ በስንጥቅ የሄደ ውሃ ሳይጣራ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ያንቺን ሽንት ቤት ከታች በኩል፣ እስከምትችዪው ድረስ አርቀሽ፣ ጥልቅ ሳታደርጊ ቀዩ ውስጥ አቁሚው። ወለሉና ግድግዳው ተለስኖ ሲሞላ የሚመጠጥ ቢሆን ይመረጣል።

የጎረቤትሽን ማንቀሳቀስ አትችይም። ስለዚህ የጉድጓዱ ውሃ ለልብስ፣ ለቤት ግንባታውና ለጎመኑ ይሁን። የሚጠጣው ከቧንቧ ይቀዳ፤ ቧንቧ በማይመጣበት ቀን ደግሞ ይፈላ። ጉድጓዱን ከላይ ሦስት ሜትር ያህል በኮንክሪት ቀለበት አሽጊው፣ የቀለበቱና የግድግዳው ክፍተት በሲሚንቶ ይሞላ፤ የጎርፉ ውሃ በዚያ እንዳይወርድ። አፉ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ክዳን ይኑረው።

የቦሳ ልጅ

እናቴ «የሚጠጣ ካልሆነ ምን ይሠራልኛል» ብላ ነበር፤ ለጎመኑ ሲባል ተስማማች። ቀለበት አዝዣለሁ። ጉድጓዱ ዛሬ ግድግዳው ማላብ ጀምሯል።

አባ ድጅኖ

ቆፋሪዎቹ አሁን ይቸኩላሉ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ስለደረሰ እንዳያቆሙ። እያወጡ ይቀጥሉ፣ የተሰነጣጠቀውን አለት እስኪነኩ። ያን ጊዜ የአለት ዋጋ ይገባቸዋል።